በባትሪ ራስ ላይ የሚበቅለው ዱቄት፦ ምንነቱ፣ ጉዳቱና አጸዳዱ

ማለዳ በየሰፈሩ ከሚያጋጥሙ ነገሮች አንዱ ሞተሩ አልነሣ ያለ መኪናን ሰዎች ተሰባስበው ሲገፉ ማየት ነው። አሽከርካሪው ቁልፉን ሲያዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች ይበራሉ፤ ጡሩምባውም ይጮኻል፤ ሞተሪኖው ግን «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። በዚህን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ግን በባትሪው ራስ ላይ፣ ኬብሎቹ በሚታሰሩባቸው ሁለት የእርሳስ ጉጦች ዙሪያ፣ ነጭ ወይም ወደ ሰማያዊነት ያደላ ዱቄት እንደ ሻጋታ በቅሎ ይገኛል። እነዚህን ጉጦች ከዚህ በኋላ ተርሚናል እያልን እንጠራቸዋለን።

ይህን ዱቄት ለማስወገድ በየጋራዡና በየቤቱ ልዩ ልዩ ዘዴ ይሠራበታል። አንዱ የፈላ ውሃ ያፈስሳል፤ ሌላው ኮካ ኮላ ይደፋል፤ ሎሚ የሚጨምቅም፣ ይባስ ብሎ በረኪና የሚረጭም አይታጣም። ከእነዚህ መካከል የሚጠቅም አለ፤ የሚጎዳ አለ፤ ለሕይወት የሚያሰጋም አለ። ሆኖም የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ለመለየት ጥቂት የኬሚስትሪና የፊዚክስ ዕውቀት ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን የኤሌክትሪክን መንገድ እንደሚዘጋ፣ በጓዳችን ከምናገኛቸው ነገሮችም የትኞቹ ለማጽጃነት እንደሚበጁ እንመለከታለን።

በባትሪው ሆድ ውስጥ ያለው

ዛሬም በአብዛኞቹ መኪኖች የምንጠቀምበት የእርሳስና አሲድ ባትሪ የፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ የጋስቶን ፕላንቴ ፈጠራ ነው። ፕላንቴ ይህን ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሆን፣ ተሞልቶ ተመልሶ ሊሞላ የሚችል የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማከማቻ ነበር። መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ ስድስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሳለ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል።

በየክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰሌዳዎች አሉ። ፖዘቲቩ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ ኔጌቲቩ ደግሞ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ንጹሕ እርሳስ ነው። ሁለቱም የተነከሩት በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነው። ባትሪው በሚገባ ሲሞላ ከፈሳሹ ክብደት ከ100 እጅ 37 እጅ ያህሉ አሲድ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ስንስብ አሲዱ ከሰሌዳዎቹ ጋር ተዋሕዶ ሁለቱንም ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለውጣቸዋል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ይሄዳል። ስንሞላው ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ዋና ነገር የመኪና ባትሪ ፈሳሽ ብርቱ አሲድ መሆኑን ነው። ቀጥሎ የምንለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዱቄቱ ከየት መጣ?

አሲዱ በሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ ሳለ እንዴት ወደ ውጭ ይወጣል? መውጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከጋዝ ጋር ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ፣ በተለይም የሚሞላበት ቮልቴጅ ከ14.4 ሲያልፍ፣ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ይከፋፍለዋል። የጋዙ አረፋዎች ከፈሳሹ ወለል ላይ ሲፈነዱ በዓይን የማይታዩ የአሲድ ነጠብጣቦችን ወደ ላይ ይረጫሉ፤ እነዚህም በክዳኑ የመተንፈሻ ቀዳዳ አልፈው በባትሪው ጀርባ ላይ ያርፋሉ። ሁለተኛው መውጫ ተርሚናሉ ከፕላስቲኩ ክዳን ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ወይም ማሰሪያው በመዶሻ እየተመታ ሲገባ በዚህ ስፍራ ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠርና አሲዱ በዚያ እየሰረገ ይወጣል።

ውጭ የወጣው አሲድ እንደ ውሃ ተንኖ አይጠፋም። ውሃው ይተናል፤ ሰልፈሪክ አሲዱ ግን ይቀራል፤ ከአየሩም እርጥበት እየሳበ ክዳኑን ዘወትር እርጥብ ያደርገዋል። ከዚያም ያገኘውን ብረታ ብረት መብላት ይጀምራል። ከእርሳሱ ጋር ሲዋሐድ የሚሰጠው ነጩን እርሳስ ሰልፌት ነው። ማሰሪያው ወይም የኬብሉ ሽቦ መዳብ ያለበት እንደሆነ ደግሞ አሲዱ በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን እየታገዘ ሰማያዊውን መዳብ ሰልፌት ይፈጥራል። ስለዚህ ቀለሙ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ነጩ እርሳሱ፣ ሰማያዊው መዳቡ መበላቱን።

ዱቄቱ በየጊዜው በብዛት የሚመለስ ከሆነ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ዲናሞው ከመጠን በላይ እየሞላ፣ የባትሪው ፈሳሽ ከልክ በላይ ተሞልቶ ወይም የተርሚናሉ ሥር ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዚህን ጊዜ ማጽዳት ብቻውን አይበቃም፤ ኤሌትራውቶ ማማከር ያስፈልጋል።

ስስ ንጣፍ፣ ከባድ ጉዳት

መብራቱ እየበራ ሞተሪኖው የማይዞርበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱን የምናገኘው ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ካሳተመው ሕግ ነው። ሕጉ እንደሚለው፣ በአንድ ማስተላለፊያ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ በውስጡ የሚያልፈው ከረንት በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው።

እርሳስ ሰልፌት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በተርሚናሉና በማሰሪያው መካከል ሲገባ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍባቸው የብረት ንክኪዎች እየጠበቡ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት የተፈጠረው ሬዚስታንስ አንድ ሃምሳኛ ኦም፣ ማለትም 0.02 ኦም ነው እንበል። ይህ እጅግ አነስተኛ ቁጥር ነው። የዳሽቦርዱ መብራቶችና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች በአንድነት 5 አምፒር ቢወስዱ የሚባክነው 0.1 ቮልት ብቻ ነው፤ መብራቱ መቀነሱን ዓይናችን እንኳ አይለየውም። ሞተሪኖው ግን የአነስተኛ መኪና ቢሆን እንኳ 150 አምፒር ያህል ሊጠይቅ ይችላል። 150 በ0.02 ሲባዛ 3 ቮልት ይሆናል። ይህን ያህል ከረንት ቢያልፍ ኖሮ በዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 450 ዋት፣ ማለትም የአንድ ካውያ ግማሽ ያህል ይሆን ነበር። በተግባር ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱም ስለሚቀንስ አኃዙ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ሞተሪኖው ግን የሚገባውን ኃይል ተነፍጎ «ቀጭ» ብሎ ይቀራል። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ማሰሪያው ሲዳሰስ የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በመነሻ ብቻ አያበቃም። ባትሪው ሲሞላም ከረንቱ በዚያው በተዘጋ በር ማለፍ አለበት። ዲናሞው 14.2 ቮልት እየሰጠ 20 አምፒር ቢልክ፣ 0.4 ቮልቱ በመንገድ ላይ ቀርቶ ለባትሪው የሚደርሰው 13.8 ብቻ ይሆናል። ባትሪው ሳይሞላ ሲሰነብት በሰሌዳዎቹ ላይ ያለው እርሳስ ሰልፌት እየጠነከረ ሄዶ በሙሌት የማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን በሐሰት «ሞቷል» የተባለው ባትሪ በእውነት ይሞታል። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የመብራት ባትሪዎችም ዕጣቸው ይኸው ነው። ከዚህም በላይ በክዳኑ ላይ ያለው የአሲድ እርጥበት ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ድልድይ ይሠራል፤ ባትሪውም መኪናው ቆሞ ሳለ ቀስ በቀስ ይፈስሳል።

መልቲሜትር ያለው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ልኬት ማረጋገጥ ይችላል። አንዱን ጫፍ በእርሳሱ ጉጥ ላይ፣ ሁለተኛውን እዚያው ጉጥ ላይ በታሰረው ማሰሪያ ላይ አድርጎ ሌላ ሰው ሞተሩን እንዲያስነሣ ማድረግ ነው። ንክኪው ደኅና ከሆነ መሣሪያው የሚያሳየው ከ0.2 ቮልት በታች ነው። ከዚያ የበለጠ ካሳየ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ማጽዳት ይገባል።

የጓዳችን መድኃኒቶች ሲመዘኑ

አሲድን የሚያረክሰው ቤዝ ነው። ይህን ይዘን በቤታችን የሚገኙትን ነገሮች አንድ በአንድ እንመዝን።

ቤኪንግ ሶዳ፦ ኬሚካዊ ስሙ ሶዲየም ባይካርቦኔት ሲሆን ለስላሳ ቤዝ ነው። ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጉዳት የሌለው ሶዲየም ሰልፌት የተባለ ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አረፋው የሚታየው ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተነሣ ነው። 98 ግራም ንጹሕ ሰልፈሪክ አሲድን ለማርከስ 168 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል፤ በተርሚናል ላይ ያለው አሲድ ግን ጥቂት ግራም ስለማይሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ይበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ሥራው ሲያልቅ ራሱ መናገሩ ነው፤ አረፋው ሲቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው።

ቤኪንግ ፓውደር፦ ብዙ ሰው ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ያምታታዋል። ዳቦና ኬክ የሚነፋው ይህ ዱቄት በውስጡ ከባይካርቦኔቱ በተጨማሪ ደረቅ አሲድና ስታርች አለው። ውሃ ሲነካው የራሱ ቤዝ የራሱን አሲድ ሲያረክስ ያልቃል፤ ስለዚህ አረፋው ቢያታልልም ለባትሪው አሲድ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አመድ፦ የማገዶ አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለበት ቤዝ ነው። አመድን በውሃ በጥብጦ፣ አዝቅጦና በጨርቅ አጥልሎ የሚገኘው ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በማይገኝበት የገጠር ስፍራ በሚገባ ይተካዋል። ያልተጣራ አመድ ግን ቆሻሻው ወደ ባትሪው ክፍሎች ሊገባ ስለሚችል አይመከርም። የአመድ ውሃ ቆዳንና ዓይንን እንደሚያቃጥልም መዘንጋት አይገባም።

ሙቅ ውሃ፦ መዳብ ሰልፌት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ200 ግራም በላይ ይገባል። በመሆኑም ሰማያዊው ዱቄት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲሄድ እናያለን። ነጩ እርሳስ ሰልፌት ግን በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃ ብቻውን ነጩን አያስለቅቀውም፤ የሽቦ ብሩሽ ያስፈልገዋል። የፈሰሰው ውሃም አሲዱን ሳያረክስ ወደ ሻንሲውና ወደ ሌሎች ብረቶች ያወርደዋል።

ኮካ ኮላ፣ ሎሚና ኮምጣጤ፦ ሦስቱም አሲዶች ናቸው፤ በኮካ ኮላ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ፣ በሎሚ ሲትሪክ አሲድ፣ በኮምጣጤ አሴቲክ አሲድ ይገኛል። ኮካ ኮላ ሲደፋበት የሚታየው አረፋ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ጋዝ እንጂ አሲዱ መርከሱን የሚያሳይ አይደለም። ዱቄቱን አጥቦ ሊያወርድ ቢችልም በአሲድ ላይ አሲድና ስኳር ጨምሮ ይሄዳል። ለመኪና ባትሪ አይበጁም።

በረኪና፦ ይህ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማውን የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ክሎሪን ሳንባን የሚያቃጥል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያነት የዋለ ጋዝ ነው። በረኪና ቤዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው «አሲዱን ያረክስልኛል» ብሎ ሊሳሳት ስለሚችል አጥብቀን እናስጠነቅቃለን።

የአጸዳዱ ቅደም ተከተል

ከመጀመራችን በፊት አንድ የማይታይ አደጋ እንዳለ እንወቅ። ከላይ የጠቀስነው ሃይድሮጂን ከአየር ጋር ከ100 እጅ ከ4 እስከ 75 እጅ ሲደባለቅ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ባትሪው ሲፈነዳ ደግሞ የሚረጨው አሲድ ነው፤ ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ነፋሻ በሆነ ስፍራ፣ ሲጋራና ክብሪት በሌለበት፣ ባትሪው ከተሞላ በኋላም ጥቂት ጊዜ ተሰጥቶት መከናወን አለበት። የዓይን መከላከያ መነጽርና የላስቲክ ጓንት ማድረግ፣ ቀለበትንና የብረት ሰዓትን ማውለቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉም ይነቀል። ቀጥሎ የኔጌቲቩ ኬብል አስቀድሞ ይፈታ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዛሬዎቹ መኪኖች የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን አስቀድመን ስንፈታ የያዝነው ቁልፍ የመኪናውን አካል ቢነካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ ብልጭታም ይፈጠራል። ኔጌቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን መንገዱ ተቋርጧልና ፖዘቲቩን ያለ ስጋት መፍታት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የክፍሎቹ መክደኛዎች ጥብቅ መሆናቸው ይረጋገጥ። አንድ ማንኪያ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ወደ ውስጥ ቢገባ የሚሠራውን አሲድ ያረክሰዋልና ባትሪውን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ የሶዳው ውሃ በተርሚናሎቹና በማሰሪያዎቹ ላይ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይቀባ። አረፋው ሲቆም ይደገም፤ አዲስ አረፋ እስከማይታይ ድረስ ይቀጥል። ከዚያም እርጥቡ ሳይደርቅ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የእርሳሱ ገላ ብሩህ ሆኖ እስኪታይ ይፈተግ። ደረቁን ዱቄት መፈተግና በአፍ እፍ ማለት ግን ክልክል ነው፤ እርሳስ መርዝ ነውና በትንፋሽ ይገባል።

አራተኛ፣ በጥቂት ንጹሕ ውሃ ታጥቦ በጨርቅ በሚገባ ይድረቅ። ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፖዘቲቩ አስቀድሞ፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል።

አምስተኛ፣ ማሰሪያዎቹ ከጠበቁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ይቀባ። እነዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ቢሆኑም ብረት ከብረት ጋር ተጨምቆ ከተገናኘ በኋላ ስለሚቀቡ መንገዱን አይዘጉም፤ አየርንና የአሲድ ርጭትን ብቻ ይከላከላሉ። በእነርሱ ፋንታ የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ መቀባት አይገባም፤ ሲቆይ ይጎመዝዛል፤ ሲጎመዝዝም የራሱን አሲድ ያፈራል።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አሲዱን ለማርከስ በማሰብ ሶዳ ዓይን ውስጥ መጨመር አይገባም።

በአገራችን ቁጥራቸው እየበዛ የመጣው የኤሌክትሪክ መኪኖችም አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። የብዙዎቹ የእርሳስ ባትሪ በመሆኑ ከላይ የተባለው ይሠራበታል፤ ሆኖም በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆን አለበት። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች ግን የመቶዎች ቮልት መንገድ ስለሆኑ ሠልጣኝ ካልሆነ በቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም።

የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲሆንስ?

እስካሁን የከለከልነው ሎሚ እዚህ ላይ ተራው ይደርሳል። ሬዲዮና የእጅ ባትሪ የምናጎርሳቸው ድንጋዮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አልካላይን የሚባሉት በውስጣቸው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ብርቱ ቤዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲያረጅ በውስጡ የሚፈጠረው ሃይድሮጂን ማሸጊያውን ገፍቶ ፈሳሹን ያስወጣዋል፤ ፈሳሹም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ነጭ የፖታሲየም ካርቦኔት ብናኝ ይሆናል። ይህን የሚያረክሰው አሲድ ስለሆነ በጥጥ የተነከረ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ተስማሚ ነው። ቤኪንግ ሶዳ እዚህ አይረዳም።

ሁለተኞቹ ከዚንክና ከከሰል የሚሠሩት ርካሾቹ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ያለው አሞኒየም ክሎራይድ ወይም ዚንክ ክሎራይድ የአሲድነት ጠባይ አለው። የዚንኩ ቆርቆሮም ዕቃ መያዣም ነዳጅም ስለሆነ በሠራ ቁጥር እየተበላ ይበሳል። ለእነዚህ የሚስማማው የሶዳው ውሃ ነው።

የድንጋዩ ጽሑፍ ጠፍቶ ዓይነቱን መለየት ካቃተን ከርከዴ ይረዳናል። ከርከዴ የተፈላበትን ውሃ በብናኙ ላይ ጠብ ብናደርግ፣ አሲድ ከሆነ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፤ ቤዝ ከሆነ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይለወጣል። በየትኛውም መንገድ ከተጸዳ በኋላ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ማበስና ድንጋይ ከመጨመር በፊት ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ከሥራው በኋላ

የመኪና ባትሪ የታጠበበት ውሃ አሲዱ ቢረክስም እርሳስ አለበት። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ ነው ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለውም። በመሆኑም እጥበቱን ጎመን በተተከለበት ጓሮ ወይም የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ማፍሰስ አይገባም። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቦ ማሸግ፣ ለዚሁ ሥራ የዋለውን ብርጭቆና ማንኪያ ወደ ጓዳ አለመመለስ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ልብስንም ለብቻው ማጠብ ይገባል። አሮጌውን ባትሪም በቤት ውስጥ ከመፍታትና ከማቅለጥ ተቆጥቦ ለሚረከቡ ሻጮች መመለስ የተሻለ ነው።

እንግዲህ ነጩ ዱቄት ከመኪና ባትሪም ከሬዲዮ ድንጋይም ሲወጣ ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በአንዱ መድኃኒት የሆነው ሎሚ በሌላው ጉዳት ነው። ስለዚህ ለማጽዳት እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት የወጣው አሲድ ነው ወይስ ቤዝ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።